በበጋ መገባደጃ ትራውት፦ ጠዋት ወይስ ማታ?

#1 አዲስ_ዘንግ

ሰላም ለሁላችሁም።

ለፍላይ ፊሺንግ፣ ማለትም ነፍሳት በሚመስል ሰው ሠራሽ «ዝንብ» ዓሣ ለማጥመድ፣ ገና ጀማሪ ነኝ። ወንዙ ሙሉ፣ ውሃውም ቀዝቃዛ በነበረበት ጊዜ ትራውት ደህና ይይዝልኝ ነበር። አሁን በጋው ሊያልቅ ሲል ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። ውሃው ጎድሏል። ከመጥራቱ የተነሳ ታች ያለው ጠጠር ይቆጠራል። ዓሣው ከሩቅ ያየኛል። እኔ ሳየው እሱ ሄዷል።

የምወጣው ከሥራ በኋላ ነው። ፀሐይዋ ዘንበል፣ ሙቀቱ በረድ ሲል። ዓሦቹ አልፎ አልፎ ሲዘሉ አያለሁ፤ የኔን ዝንብ ግን ዞር ብለውም አያዩት። በቀደም አንድ ያዘልኝ። ብዙ ታግሎ መጣ። ስለቀው ግን ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። እንደ ምንም ተገልብጦ ሄደ፤ ይኑር ይሙት አላውቅም።

ዘንጌ 5 ቁጥር ነው። ሊደሬ (ከዋናው ክር ጫፍ የሚታሰረው ስስ ክር) 2.7 ሜትር፣ ጫፉ ላይ ያለው ቲፔት (ዝንቡ የሚታሰርበት ቀጭኑ ክር) ውፍረቱ 4ኤክስ። ዝንቡን ልቀይር? ክሩን ላቅጥን? ወይስ ችግሩ ሰዓቱ ነው?

#2 ወንዝ_ዳር

እንኳን ደህና መጣህ። ከዝንቡ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። የውሃው ሙቀት ስንት ነበር?

በዚህ ወቅት ከአንድ ሳጥን ዝንብ ይልቅ አንድ ቴርሞሜትር ይጠቅምሃል። ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውሃ ውስጥ ደህና አድርጎ ይበላል። 18 ሲያልፍ ይጨናነቃል። 20 ላይ እኔ ዘንጌን አጥፌ ወደ ቤቴ ነኝ። ብዙ አጥማጆችም መስመሩን የሚያሰምሩት እዚያው ላይ ነው። 25 አካባቢ ብዙ ሰዓት ከቆየ ይሞታል።

አሁን ወደ ማታው እንምጣ። «ሙቀቱ በረድ ሲል» ያልከው የአየሩን ነው። አየርና ውሃ እኩል አይቀዘቅዙም። ውሃ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ወንዝ በጣም የሚሞቀው ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ባለው መሃል ነው። አንተ ሹራብ ስትደርብ ዓሣው ገና ሙቀቱ ውስጥ ነው። ውሃው ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያድራል። ዝቅተኛውን ቁጥር የምታገኘው ጎህ ሲቀድና ከዚያ ወዲህ ባሉት አንድ ሁለት ሰዓታት ነው።

ውሃው ሲጎድል ደግሞ ይብሳል። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞቃል።

እና ያ ሆዱን የገለበጠው ዓሣ በትግሉ ብቻ የደከመ አይመስለኝም።

#3 ማታ_ይሻላል

ኧረ ወንዝ_ዳር፣ ማታን እንዲህ አታራክሳት!

ካዲስ የሚባለው የእሳት እራት መሳይ ነፍሳት ከቁጥቋጦው ተነስቶ ውሃው ላይ የሚጨፍረው መቼ ነው? ሲመሽ። ትልልቁ ብራውን ትራውት ከተደበቀበት ሥር የሚወጣው መቼ ነው? ሲጨልም። ብራውን ብርሃን አይወድም። ቀን ሙሉ ከግንድ ሥር ተወትፎ ይውልና ማታ ዳር ዳሩን ሲያስስ ታገኘዋለህ። እኔ በሕይወቴ የያዝኳቸው ትልልቆቹ ሁሉ የምሽት ናቸው።

ልጁ ሥራ አለው። ጎህ ሲቀድ ውጣ ማለት ቀላል ነው፣ ለጡረተኛ።

#4 ወንዝ_ዳር

> ልጁ ሥራ አለው። ጎህ ሲቀድ ውጣ ማለት ቀላል ነው፣ ለጡረተኛ።

ጡረታ ገና ነኝ 😄

ስለ ካዲሱም ስለ ብራውኑም ያልከው ልክ ነው። አልክድም። ግን ዓሣ መብላቱና ተይዞ መትረፉ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። በሞቀ ውሃም ይጎርስ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን የሚያገግምበት ጉልበት የለውም።

አንድ ነገር ልንገርህ። አሜሪካ ውስጥ ሞንታና የሚባለው ክፍለ ግዛት ወንዞቹ ሲሞቁበት ማጥመድን በከፊል ይዘጋል። ሰዓቱን ታውቃለህ? ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት። ጠዋቱን ክፍት ይተወዋል። የዘጋው ያንተን ምሽት ነው። ያለ ምክንያት አይደለም።

ወንዙ ይለያያል ካልከኝ እስማማለሁ። ከመሬት ምንጭ የሚመገብ ወንዝ በጋ ከክረምት ሙቀቱ ብዙም አይለዋወጥም። ከትልቅ ግድብ ሥር፣ ከጥልቁ የሚለቀቅ ውሃም በበጋ ይቀዘቅዛል። እንዲህ ያለ ወንዝ ላይ ከሆንክ ማታህን አጣጥማት። ውሃው ከግድቡ አናት የሚፈስ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚመጣልህ የሐይቁ ሙቅ ገጽታ ነው።

#5 እትዬ_ሸምበቆ

ልጆች፣ አንድ ነገር ጨምሬ ልውጣ።

ሙቀቱ ብቻ አይደለም፣ አየሩም ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ 10 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 11.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል። 20 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 9.1 ይወርዳል። ከፍ ያለ ተራራ ላይ ከሆናችሁ ከዚህም ያንሳል። የትራውት ሰውነት ደግሞ የውሃውን ሙቀት ይከተላል። ውሃው ሲሞቅ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ደመወዙ ሲቀንስ ወጪው እንደሚጨምርበት ሰው ነው።

ዓሣው ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው ወንዙ ሙሉ ሳለ ያገኛችሁት ቦታ ላይ ዛሬ የማታገኙት። ያ ለስላሳው፣ ቀስ ብሎ የሚሄደው ጥልቅ ቦታ ባዶ ይሆናል። ወደ ላይ ወጣ በሉ። ውሃው ድንጋይ ላይ እየተሰበረ አረፋ የሚሠራበትን ቦታ ፈልጉ። ጉልበት እንኳ አይደርስም፤ ማንም ዓሣ አለ ብሎ አያስብም። እዚያ ነው ያለው። የተሰበረ ውሃ ከአየሩ ጋር ይደባለቃል፣ ዓሣውንም ከወፍ ዓይን ይሸፍነዋል።

ሌላው ጥላ ነው። የተጋደመ ዛፍ፣ የተሸረሸረ ዳር፣ የድልድይ ሥር።

አንድ ቦታ ግን ተዉ። ቀዝቃዛ ገባር ወንዝ በሚገባበት ወይም ምንጭ ከሥር በሚፈልቅበት ቦታ ትራውቶች ተደርድረው፣ አንዱ በአንዱ ጎን ቆመው ካያችሁ፣ ዝንባችሁን አትወርውሩ። የተሰበሰቡት ሊበሉ አይደለም፤ ነፍሳቸውን ለማቆየት ነው። እዚያ መያዝ ቀላል ነው። ቀላል መሆኑ ነው ችግሩ።

#6 አዲስ_ዘንግ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያ «ተደርድረው» ያሉትን እኔም አይቻለሁ፤ ገነት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። እንኳን ነገሩኝ።

እሺ ጠዋት ልሞክር። ቅዳሜና እሑድ እችላለሁ። ግን ጠዋት በምን? ሁሉም ሰው በጋ መጨረሻ ላይ ፌንጣ ፌንጣ ይላል። ፌንጣ ጠዋት አለ እንዴ?

#7 የፌንጣ_ወዳጅ

ጠራችሁኝ፣ መጣሁ።

ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ የዚህ ወቅት ዋናው ጣጣ እሱ ነው። የፌንጣው ሰዓትና የዓሣው ሰዓት አይገጥሙም። ፌንጣ በብርድ አይንቀሳቀስም። ሌሊቱን ሣሩ ላይ ደንዝዞ ያድራል። ፀሐይ ሲነካው፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ ከረፋዱ 3 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ መዝለል ይጀምራል። ጫፍ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት፣ ነፋስ ሲነሳ ነው። ነፋሱ ሲዘል ይይዘውና ውሃው ላይ ይጥለዋል። ይህስ ጥሩ ነበር፤ ግን ያ ሰዓት ወንዝ_ዳር ቴርሞሜትሩን ይዞ የሚጮህበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ የምትጫወትባት መስኮት ጠባብ ናት። ከረፋዱ 3 እስከ 6 ሰዓት። ፌንጣው ነቅቷል፣ ውሃው ገና አልሞቀም። ቀኑ ቀዝቀዝ ያለና ነፋሻማ ከሆነ መስኮቷ ትሰፋለች። ትናንት ማታ ዘንቦ ከነበረማ አትጠይቀኝ፣ ውጣ።

አሁን አወራወሩ። ፌንጣ ከላይ የሚወድቅ ነው፣ ከውሃው ውስጥ አይፈለፈልም። ስለዚህ ዓሣው የሚጠብቀው ሣሩ ውሃው ላይ በተንጠለጠለበት ዳር ነው። ከዳሩ አንድ ክንድ ርቆ መወርወር ዋጋ የለውም። ሣሩን ነክቶ የሚወድቅ ውርወራ ነው የምፈልገው። አንዳንዴ ሣሩ ይይዝብሃል፣ ዝንብ ታጣለህ። ምንም አይደል። ዝንብ የማይጠፋበት ሰው ከዓሣው ርቆ እየወረወረ ነው።

ሲወድቅ ድምፅ ያሰማ። ለሌላ ዝንብ ለስላሳ አወዳደቅ ነው የሚባለው፤ ፌንጣ ግን ጧ ብሎ ነው የሚወድቀው። ዓሣው ዞሮ የሚያየው ያንን ሰምቶ ነው። ከዚያ ዝም በለው፣ ራሱን ችሎ ይንሳፈፍ። ትንሽ ከሄደ በኋላ አንዴ ብቻ ነካ አድርገው፣ እግሩን እንዳወራጨ። ሁለቴ አይደለም። አብዝተህ ከጎተትከው ፌንጣ መሆኑ ይቀርና ጀልባ ይሆናል።

ሲጎርስ ደግሞ አትቸኩል! ትልቅ ዝንብ ነው፣ ትልቁ ትራውት ቀስ ብሎ ነው አፉን የሚከፍተው። አፉን ዘግቶ ወደ ታች ሲል ነው ዘንግህን የምታነሳው። ወዲያው ካነሳህ ከአፉ ትነጥቀዋለህ።

መጠኑ ከ8 እስከ 12 ቁጥር። ለጀማሪ ይህን ልንገርህ፦ በመንጠቆ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ቀለሙን ከዳሩ ሣር ላይ ያሉትን አይተህ ምረጥ። በጋው እየገፋ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫና ቡናማ ይሄዳል።

ፌንጣው ካልተነካ፣ ከመንጠቆው ጀርባ ከ40 እስከ 60 ሳንቲሜትር ቀጭን ክር አስረህ ጫፉ ላይ ትንሽ ኒምፍ (ውሃ ውስጥ ያለውን ያልበሰለ ነፍሳት የሚመስል ሰማጭ ዝንብ) አንጠልጥል። ፌንጣው ተንሳፋፊ ምልክት ይሆንልሃል። ድንገት ከሰመጠ ታች ያለው ተጎርሷል ማለት ነው። በአንዳንድ ወንዝ ሁለት መንጠቆ አይፈቀድም፤ ደንቡን አስቀድመህ እይ።

#8 ቀጭን_ክር

የፌንጣ_ወዳጅ ሁሌ ፌንጣ። ዓለም ላይ ሌላ ነፍሳት የለም።

ጠዋት በጣም በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ውሃው ላይ ዝቅ ብለህ እይ። ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ከውሃው በላይ ሲዞር ካየህ ትራይኮ ነው። ሜይፍላይ ከሚባሉት የውሃ ነፍሳት ወገን የሆነች በጣም ትንሽ ናት። ከ20 እስከ 24 ቁጥር መንጠቆ ትፈልጋለህ፣ የምሥር ቅንጣት አታክልም። ጥንድ ከሆኑ በኋላ ክንፋቸውን ዘርግተው በመንጋ ውሃው ላይ ይወድቃሉ። ትራውቱ ሳይዘል፣ አፉን ብቻ ብቅ እያደረገ ይለቅማቸዋል። ያኔ ፌንጣህን አፍንጫው ሥር ብትጥለው አያይልህም።

ሌላው ጉንዳን ነው። በዚህ ወቅት ዝናብ ዘንቦ አየሩ ሲወብቅ ክንፍ ያላቸው ጉንዳኖች ይወጣሉ። የወጡ ቀን ዓሣው ሌላ ነገር አይበላም ማለት ይቻላል። ሳጥንህ ውስጥ 16 እና 18 ቁጥር ጥቁር ጉንዳን ሁሌም ይኑር። ዛፍ በበዛበት ዳር ደግሞ ጥንዚዛ። ጥንዚዛ ማንም አያወድሰውም፤ እኔ ግን አንድ ብቻ ያዝ ብባል እሱን ነው የምይዘው። ጠዋትም ቀትርም ይሠራል።

ስለ ክርህ። 4ኤክስ ለፌንጣ ደህና ነው፣ ለዚህ ውሃ ጥራት ግን ወፍራም ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከ11 ላይ የኤክሱን ቁጥር ስትቀንስ የሚቀረው የኢንች ሺኛ ነው። 4ኤክስ 7 ሺኛ፣ ማለትም 0.18 ሚሊሜትር ገደማ። 6ኤክስ 5 ሺኛ፣ ማለትም 0.13 ገደማ። ለጉንዳንና ለጥንዚዛ 5ኤክስ፣ ለትራይኮ 6 ወይም 7። ሊደርህንም ወደ 3.6 ሜትር አስረዝመው።

#9 ልቀቀው

ቀጭን_ክር፣ በአክብሮት ልቃወምህ።

በሞቀ ውሃ 7ኤክስ ማሰር ዓሣውን ማሰቃየት ነው። ክሩ ቀጭን ሲሆን ጠንክረህ መያዝ አትችልም። ትፈራለህ። ስትፈራ ትግሉ ይረዝማል። ትግሉ ሲረዝም አሲድ ጡንቻው ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ «ለቀቅኩት» ትላለህ።

ክሩን ማቅጠን የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ዓሣው ክሩን ስላየው አይደለም። ዝንቡ ስለሚጎተት ነው። ወንዝ በሁሉም ቦታ እኩል አይፈስም፣ መሃሉ ይፈጥናል፣ ዳሩ ይዘገያል። ወፍራሙ ክርህ መሃሉ ላይ ካረፈ ፈጣኑ ውሃ ሆድ አውጥቶ ይወስደዋል፤ ዝንቡንም ይጎትታል። ተፈጥሯዊ ነፍሳት ሞተር የለውም። ትራውት ይህን በደንብ ያውቃል።

መፍትሔው ክሩ ውሃውን ሲነካ ዘንግህን ወዲያው ወደ ላይኛው የወንዙ አቅጣጫ መለስ አድርገህ ሆዱን ማስተካከል ነው። ወይም ገና ሲወረወር በአየር ላይ እያለ ክንድህን ወደዚያው ዘርጋ። ወይም ደግሞ ቦታህን ቀይር። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጥቅል ቲፔት ይበልጣል።

#10 ቀጭን_ክር

> በሞቀ ውሃ 7ኤክስ ማሰር ዓሣውን ማሰቃየት ነው።

እኔ እኮ ትራይኮ ያልኩት በማለዳ ነው፣ ውሃው 13 እና 14 ሲሆን። ቀትር ላይ 7ኤክስ አላልኩም። እንደዚያ ከሆነ ተስማምተናል።

በመጎተቱ ላይ ግን እውነትህን ነው። ቀጭን ክር ራሱ የሚረዳው በከፊል ስለሚለመጥና ዝንቡን ነፃ ስለሚለቀው ነው።

#11 ድንጋይ_ለድንጋይ

ጥያቄው ላይ ሰው ያለፈው ነገር አለ። ልጁ «ከሩቅ ያየኛል» ብሏል። ይሄ የዝንብ ጉዳይ አይደለም።

ትራውት ወደ ላይ ሲያይ ውጭው ዓለም የሚታየው በክብ መስኮት በኩል ብቻ ነው። ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ስለሚሰበር ነው። የመስኮቱ ስፋት 97 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው የውሃ ገጽ ከሥር ሲታይ መስታወት ነው፤ የሚያሳየው የወንዙን ወለል ነው። ዓሣው ጥልቅ ቦታ ላይ በሆነ ቁጥር መስኮቱ ይሰፋል። የመስኮቱ ዲያሜትር የጥልቀቱ 2.3 እጥፍ ያህል ነው። 30 ሳንቲሜትር ላይ የቆመ ዓሣ መስኮቱ 70 ሳንቲሜትር አይሞላም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ አረፋማው ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ የቆመውን ዓሣ በጣም መቅረብ ትችላለህ፤ ግን ዝንብህ በትክክል ከፊቱ መውደቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ዝቅ ያለ ነገር በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተጨፍልቆ ነው የሚታየው። ስለዚህ ተንበርከክ። ቀጥ ብለህ ገደል አፋፍ ላይ ከቆምክ አበቃ። ከኋላው፣ ማለትም ከወንዙ ታች ወደ ላይ ቅረበው፤ ትራውት ፊቱን ወደ ውሃው መምጫ አዙሮ ነው የሚቆመው። ጥላህ ውሃው ላይ አይውደቅ። ድንጋይ በእግርህ አታንከባል፣ ንዝረቱ ይሄዳል።

ልብስህም ሰማይ አይምሰል። ደማቅ ቲሸርት ለፎቶ ነው።

#12 ማታ_ይሻላል

ሁላችሁም ዓሣው ስለመሞት ታወራላችሁ። እሺ ግልጽ ጥያቄ ላንሳ። ሞቶ ከሆነ ለምን አይበላም? ደንቡ በፈቀደበት ሁለት ዓሣ ይዞ ሄዶ ማቆም፣ ሃያ ዓሣ ይዞ እየለቀቁ ከመዋል አይሻልም? ሁሉንም ለቅቄያለሁ የሚለው ሰው ስንቱ እንደሞተበት አያውቅም።

#13 ልቀቀው

ይህን ጥያቄ ከማንም አልጠበቅኩም፤ ካንተም በተለይ። ግን ጥሩ ጥያቄ ነው።

1992 ላይ የወጣ የታወቀ ጥናት አለ። ሬይንቦ ትራውቶችን እስኪዝሉ አሯሯጧቸው። ከዚያ አንዳንዶቹን ከውሃ ውጭ አቆዩ። አየር ላይ ካልወጡት 12 በመቶ ሞቱ። 30 ሰከንድ ከወጡት 38 በመቶ። አንድ ደቂቃ ከወጡት 72 በመቶ። አንድ ደቂቃ ማለት እኮ አንድ ፎቶ ነው! «ቆይ፣ ስልኬ አልተከፈተም» የሚባለው።

እና መልሴ ይህ ነው። መልቀቅ ማለት ከእጅህ መውጣቱ አይደለም። ሲያዝ ጀምሮ ነው።

#14 ድንጋይ_ለድንጋይ

> አንድ ደቂቃ ከወጡት 72 በመቶ።

ጥናቱን ሰው ሁሉ ይጠቅሰዋል፤ ግን ሁኔታውን አብሮ አይጠቅስም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ዓሦቹ ደም ለመቅዳት ቀጭን ቱቦ ገብቶባቸው ነበር። እስከ መጨረሻው ድካም ነው የተሯሯጡት። ወንዝ ላይ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ቶሎ የተያዘ ዓሣ ከዚህ በጣም በተሻለ ሁኔታ ይተርፋል።

አቅጣጫው ግን ትክክል ነው። አየር ላይ ባይወጣ ይሻላል፣ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ቁጥሩን ብቻ እንደ ወንጌል አትያዙት።

#15 እትዬ_ሸምበቆ

ማታ_ይሻላል ልጄ፣ እኔም እበላለሁ። በተፈቀደበት፣ በልክ። ነውር የለውም። ነውሩ ምንም ሳይያዝ የዋለ ሰው ለመካስ ብሎ ማቆሙን ሲረሳ ነው።

ለሚለቀው ሰው ደግሞ የእጄን ልስጥ። የመንጠቆውን ወደ ኋላ የዞረ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቁት፤ ዓሣውም ይቀልለዋል፣ ጣታችሁም። መረባችሁ የጎማ ይሁን፣ የገመዱ መረብ የሚያሟልጨውን ሽፋን ይልጠዋል። ያ ሽፋን ከበሽታ የሚጠብቀው ነው። እጃችሁን ከመንካታችሁ በፊት አርጥቡ። ዘንጉን ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋችሁ ታገሉት፤ ሚዛኑን ያጣና ቶሎ ይመጣል። በመረቡ ውስጥ፣ ውሃው ውስጥ እያለ መንጠቆውን አውጡ። ከዚያ ፊቱን ወደ ውሃው መምጫ አድርጋችሁ፣ ራሱ ከእጃችሁ እስኪወጣ ጠብቁ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ አትግፉት፤ ውሃ ወደ ስንጥቡ መግባት ያለበት በአፉ በኩል ነው።

ፎቶ የግድ ከሆነ መጀመሪያ ስልኩ ይዘጋጅ። ከዚያ ዓሣው ይነሳ፤ ውሃው ከላዩ ተንጠባጥቦ ሳያልቅ ይመለስ።

#16 ማታ_ይሻላል

እትዬ ከተናገሩ በኋላ ምን እላለሁ። ማታዬን ግን አልተውም፤ እኔ የማጠምደው ከግድብ ሥር ነው፣ ውሃው ባለፈው ሳምንት ማታ 12 ዲግሪ ነበር። ለክቼ ነው፣ ወንዝ_ዳር እንዳይጮህብኝ።

#17 ወንዝ_ዳር

12 ከሆነ እኔም እመጣለሁ፣ ቦታ ያዝልኝ።

#18 አስተናጋጅ

ውይይቱ በጨዋነት መቀጠሉ ደስ ይላል። አንድ የደኅንነት ነገር ብቻ ላስገባ። በዚህ ወቅት ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ነጎድጓድ ይነሳል። የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የመጀመሪያውን ነጎድጓድ ስትሰሙ ዘንጉን አስቀምጣችሁ ከውሃው ውጡ። «አንድ የመጨረሻ ውርወራ» የለም።

#19 አዲስ_ዘንግ

ተመለስኩ! ቅዳሜ በጨለማ ተነስቼ ወጣሁ።

ጎህ ሲቀድ ውሃው 14 ዲግሪ ነበር። ጥልቁን ቦታ ትቼ እትዬ እንዳሉት ወደ አረፋማው ወጣሁ። ተንበርክኬ፣ ከታች ወደ ላይ። ትራይኮ አላየሁም፤ ወይም አይቼ አላወቅኳትም። ከተጋደመ ዛፍ ሥር በጥንዚዛ አንድ ሬይንቦ ያዘልኝ። ቶሎ መጣ፣ ከመረቡ ሳላወጣው መንጠቆውን ነቀልኩ፣ ፈትለክ ብሎ ሄደ። ልዩነቱን ዓይኔ አየው።

ረፋድ ላይ ፌንጣ አሰርኩ። ሣሩ ሁለት ዝንብ በላብኝ፤ የፌንጣ_ወዳጅ ደስ ይበልህ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ነገር ከዳሩ ሥር ብቅ አለ፣ አፉን ከፈተ፣ እኔም ያው ነጠቅኩት። እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ከዚያ ሙቀቱ ግራ አጋባኝ። 6 ሰዓት ሊሆን ሲል መሃሉ ላይ 18 ሆነ። ዳር ስለካ 22። የቱን ልመን? ለጥንቃቄ አቆምኩ። ሌላው ጥያቄዬ፣ በዚህ ወቅት ብራውኖቹ ወደ ላይ መሄድ ይጀምራሉ የሚሉት እውነት ነው?

#20 የፌንጣ_ወዳጅ

ያንን መንጠቅ ሁላችንም እናውቀዋለን። በሚቀጥለው ሲጎርስ ዓረፍተ ነገር ተናገር። «ደህና ዋልክ ወይ» በልና ከዚያ አንሳ። ይሠራል።

ብራውኖቹን በተመለከተ፣ አዎ። ብራውን እንቁላሉን የሚጥለው ቅዝቃዜው ከገባ በኋላ ነው፤ ሬይንቦ ደግሞ በአብዛኛው ቅዝቃዜው ሲያልቅ። ስለዚህ በጋው ሲያልቅ ትልልቅ ብራውኖች መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፣ ጠበኛም ይሆናሉ። በኋላ ላይ ግን ጠጠሩ ላይ ነጣ ብሎ የተጠረገ ክብ ቦታ ስታይ አትርገጠው። እንቁላሉ እሱ ሥር ነው።

#21 ወንዝ_ዳር

ማቆምህ ጥሩ ነው። መሃሉን እመን። ዳር ላይ የቆመው ስስ ውሃ ዓሣው ያለበት ውሃ አይደለም። ቴርሞሜትሩን በክር እሰረው፣ በጥላ ውስጥ፣ በሚፈስ ውሃ፣ ጉልበት በሚደርስ ቦታ ጣለው። አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆይ። ስታነብም ከውሃው ሙሉ በሙሉ አታውጣው፣ ፀሐይ ይነካውና ይዋሽሃል።

በየሰዓቱ ለካ። 18 ላይ ስትደርስ ምን ያህል በፍጥነት እየጨመረ እንደሆነ እይ። በሰዓት አንድ ዲግሪ ከሆነ ከፊትህ ሁለት ሰዓት አለህ ማለት አይደለም፤ የመጨረሻውን ዓሣ የምትታገልበትና እሱ የሚያገግምበት ጊዜ ጭምር ከዚያው ላይ ነው የሚቀነሰው።